ከውፍረት ባሻገር፦ በከሚሴ መስመር ለሚሠሩ ሚኒባሶች የፍሬን ሸራ ፍተሻና ምርጫ

አኅጽሮተ ጥናት

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ከሆነችው ከሚሴ የሚነሡ ሚኒባሶች በአንድ ጉዞ ሁለት የተለያዩ የፍሬን ፈተናዎች ይገጥሟቸዋል፤ በጨፋ ሜዳ ድንገተኛ ማቆም፣ በጣርማ በርና በሐረጎ ደግሞ ረጅም ቁልቁለት። ይህ አጭር ጥናት በቁልቁለቱ ላይ ወደ ፍሬን የሚገባውን ሙቀት በቀላል የፊዚክስ ስሌት ይገምታል፤ ውጤቱንም በሸራዎች ላይ ከሚታተመው የሰበቃ ደረጃ ጋር ያነጻጽራል። ስሌቱ የሚያሳየው የሸራ ውፍረት አስፈላጊ መለኪያ ቢሆንም ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ነው። ለዚህ መስመር ሸራ ሊመረጥ የሚገባው በትኩስ ጊዜ በሚኖረው የሰበቃ መጠን ሲሆን፣ የፍተሻው ጊዜም ከኪሎ ሜትር ይልቅ በተወረደው ቁልቁለት ቢወሰን ይመረጣል። ይሁን እንጂ አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ ካልወረደ በስተቀር የትኛውም ሸራ ብቻውን አስተማማኝ አይሆንም።

1. መግቢያ

የዲስክ ፍሬን ሥራ በመሠረቱ ጉልበትን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስቶኑን ይገፋል፤ ፒስቶኑ ሸራዎቹን ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ያጣብቃል፤ የመኪናው የእንቅስቃሴ ጉልበትም በሰበቃ ወደ ሙቀት ተለውጦ በዲስኩ በኩል ወደ አየር ይወጣል። ስለዚህ የአንድ ሸራ ብቃት የሚለካው በሚቀረው ውፍረት ብቻ ሳይሆን በሚሞቅበት ጊዜ የመያዝ ኃይሉን ምን ያህል እንደሚጠብቅ ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ «ሸራ» የሚለው ቃል በፊት እግር ዲስክ ላይ የሚገጠመውን የሰበቃ ሰሌዳ ያመለክታል። በኋላ እግር የሚገኘው «የታምቡር ሸራ» ተብሎ ተለይቷል። ጥናቱ የሚመለከተው ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ታምቡር ያላቸውን የቶዮታ ሃይስ ዓይነት ሚኒባሶች ነው፤ ባለ አየር ፍሬን የጭነት መኪኖችንና ባጃጆችን አይጨምርም።

2. መስመሩና የሚያስከትለው ጫና

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ብዙም አይርቅም። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ጎዳና በአብዛኛው ሜዳማ በመሆኑ እዚያው የሚደረግ የፍሬን ሙከራ የሚያሳየው የቀዝቃዛ ፍሬንን ሁኔታ ብቻ ነው።

ሜዳው የራሱ ፈተና አለው። የጨፋ ረግረጋማ ሜዳ በበጋ ወራት ከአፋርና ከአካባቢው የሚመጡ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያሰማሩበት ነው፤ ከብትና ግመል መንገድ ማቋረጡም የተለመደ ነው። እዚህ ከፍሬን የሚፈለገው ከቀዝቃዛ ሁኔታ ተነሥቶ በአንድ ጊዜ በኃይል መያዝ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃና ውኃ፣ በጋ ሲሆን አቧራ፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ያበላሻሉ።

ከሜዳው ሲወጣ ግን ፈተናው ይለወጣል። ወደ ደቡብ፣ የጣርማ በር መተላለፊያ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ በደብረ ሲና በኩል ተወርዶ የሚደረስባት ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚመለስ መኪና በአንድ ተከታታይ ጉዞ ቢያንስ 1,700 ሜትር ይወርዳል። ወደ ሰሜን፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር አያንስም። ወደ ምሥራቅም ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወስደው መንገድ ከደጋው ጫፍ ወደ አፋር ቆላ ያወርዳል፤ በዚያም የአየሩ ሙቀት ራሱ የፍሬኑን መቀዝቀዝ ያዘገያል።

3. የቁልቁለቱ ስሌት

ከነተሳፋሪውና ከነጭነቱ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ ይታሰብ። ይህ መኪና በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ የሚኖረው የእንቅስቃሴ ጉልበት 417 ኪሎ ጁል ያህል ነው። በሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ሲቆም ፍሬኑ በአብዛኛው የሚሸከመው ይህንኑ ነው።

ያው መኪና ከጣርማ በር 1,700 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው የከፍታ ጉልበት ግን ክብደቱ በመሬት ስበትና በከፍታው ሲባዛ 50 ሜጋ ጁል ይሆናል። ይህም በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዱ 120 ጊዜ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው ውርደት በተመሳሳይ ስሌት ከ40 ማቆም በላይ ይሆናል። ከዚህ ጉልበት ከፊሉን የአየር ግፊትና የጎማ መንከባለል ይወስዱታል፤ የቀረውን ሞተሩና ፍሬኑ ይካፈሉታል። ክፍፍሉን የሚወስነው ደግሞ አሽከርካሪው የሚመርጠው ማርሽ ነው።

ለምሳሌ 8 በመቶ ተዳፋት ያለው ቁልቁለት በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ቋሚ ፍጥነት ሲወረድ በየሴኮንዱ የሚለቀቀው ጉልበት 26 ኪሎ ዋት ነው። ለጎማ መንከባለል ወደ 4፣ ለአየር ግፊት ወደ 1 ኪሎ ዋት ሲቀነስ 21 ኪሎ ዋት ይቀራል። ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር የውስጥ ሰበቃው በአማካይ 2 ባር ግፊት ያህል ነው ተብሎ ቢወሰድ፣ በሁለተኛ ማርሽ በደቂቃ ወደ 3,000 ዙር ሲሽከረከር 12.5 ኪሎ ዋት ይይዛል። በአራተኛ ማርሽ ዙሩ ወደ 1,300 ስለሚወርድ የሚይዘው 5.5 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። በዜሮ ማርሽ ምንም አይዝም። ስለዚህ ለፍሬኑ የሚተርፈው ሸክም በሁለተኛ ማርሽ 9፣ በአራተኛ 16፣ በዜሮ ማርሽ 21 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል።

ይህ ወደ ሙቀት ሲለወጥ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ከፍሬኑ ሥራ 70 በመቶው በፊት እግር ላይ እንደሚያርፍና ሁለቱ የፊት ዲስኮች በድምሩ 16 ኪሎ ግራም እንደሚመዝኑ ይታሰብ። አንድ ኪሎ ግራም ብረት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ግማሽ ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። በዚህ መሠረት በሜዳ ላይ ከ60 ኪሎ ሜትር አንድ ጊዜ ማቆም የዲስኩን ሙቀት በ36 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ያደርገዋል። በተጠቀሰው ቁልቁለት ላይ ለ5 ደቂቃ ሲወረድ ግን፣ የአየር ማቀዝቀዝ ካልታሰበ፣ የሙቀቱ ጭማሪ በሁለተኛ ማርሽ 230፣ በአራተኛ 415፣ በዜሮ ማርሽ 560 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይደርሳል። የሚነፍሰው አየር ዲስኩን ስለሚያቀዘቅዘው እነዚህ ቁጥሮች የላይኛውን ወሰን የሚያመለክቱ ናቸው። በማርሾቹ መካከል ያለው ቅደም ተከተል ግን አይለወጥም። ተጨማሪ ሰው ወይም ጭነት ሲታከልም ሙቀቱ በዚያው መጠን ያድጋል፤ በክብደቱ ላይ 20 በመቶ ሲጨመር ከቁልቁለቱ የሚለቀቀው ጉልበት በ20 በመቶ ይጨምራል፤ የሞተሩ የመያዝ አቅም ግን ባለበት ስለሚቆይ በፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሸክም ከ20 በመቶ በላይ ያድጋል።

4. ሸራ ሲሞቅ የሚሆነው

አብዛኛው ሸራ የብረት፣ የቃጫና የማዕድን ብናኞች በሙጫ ተያይዘው በብረት ሰሌዳ ላይ የተጋገሩበት ነው። ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ሙጫው መበስበስና ጋዝ መልቀቅ ይጀምራል፤ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል፤ መኪናው ግን አይያዝም። ለምሳሌ የሰበቃው መጠን ከ0.40 ወደ 0.25 ቢወርድ ያንኑ ያህል ለመያዝ በሸራው ላይ የሚያስፈልገው ግፊት በ60 በመቶ ይጨምራል።

ሁለተኛው አደጋ ከዘይቱ ይመጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ውኃ ሲይዝ ግን ዝቅተኛው የመፍላት ነጥብ 140 ዲግሪ ነው። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ሲፈላ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በብዙዎች ዘንድ «ፍሬን ተበጠሰ» የሚባለው ሁኔታ ሁልጊዜ የተበጠሰ ነገር አለበት ማለት አይደለም። መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ ሊመለስ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ችግሩ በጋራዥ ላይታይ ይችላል።

ሦስተኛው በኋላ እግር ላይ ነው። ታምቡሩ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከሸራው ይርቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ከወትሮው በላይ መውረድ ይኖርበታል። ሦስቱም ክስተቶች በቀዝቃዛ ፍተሻ አይታዩም።

5. የምርጫ መስፈርት

በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከአምራቹ መለያ ቀጥሎ ሁለት የላቲን ፊደላት ይታተማሉ። የመጀመሪያው ፊደል በመካከለኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው እስከ 343 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ የላብራቶሪ ሙከራ የተገኘውን የሰበቃ መጠን ያመለክታል። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ያለውን ይወክላሉ። ከሚሴ ላይ ያለ ገዢ የመጀመሪያውን ፊደል እንደ ጨፋ ሜዳ፣ ሁለተኛውን እንደ ጣርማ በር ቁልቁለት ቢያስበው አይሳሳትም። «ኤፍ ኢ» የተባለ ሸራ በከተማ መልካም መስሎ ይታያል፤ በቁልቁለት ግን ይደክማል። «ኤፍ ኤፍ» ሁለቱንም ይመጥናል። ይሁን እንጂ ፊደላቱ የሚገኙት ከትንሽ ናሙና ሙከራ እንጂ ከሙሉ መኪና ስላልሆነ ስለ ሸራው ዕድሜና ስለ ጥንካሬው የሚናገሩት የለም።

ከዚህ የጠነከረው ማረጋገጫ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 90 ነው። በዚህ ደንብ የጸደቀ መለዋወጫ ሸራ የመያዝ ብቃቱ ከመጀመሪያው የፋብሪካ ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይለይ ይጠየቃል። ከመጠን በታች ብቻ ሳይሆን ከመጠን በላይ መያዝም የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። የፊቱ ሸራ ደካማ ሲሆን አሽከርካሪው አብዝቶ ስለሚረግጥ የኋላው እግር ቀድሞ ሊቆለፍና መኪናው ሊሽከረከር ይችላል። ከመጠን ያለፈ ኃይለኛ ሸራ ደግሞ የፊቱን እግር ቀድሞ በመቆለፍ መሪውን ያሳጣል። ስለሆነም «ኃይለኛ» ከሚባለው ይልቅ ከፋብሪካው ሸራ ጋር የሚቀራረበው ይመረጣል።

በሥሪት ረገድ፣ ብረት የበዛበት ከፊል ብረታማ ሸራ ሙቀትን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ዲስኩን ቶሎ ይበላል፣ ሙቀቱንም ወደ ዘይቱ በቀላሉ ያስተላልፋል። ስለዚህ ይህን የመረጠ ባለንብረት ለዘይቱ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ብረት የሌለበት ኦርጋኒክ ሸራ ጸጥተኛና ለዲስክ ምቹ ሲሆን በረጅም ቁልቁለት ቀድሞ ይደክማል። ሴራሚክ የሚባለው አቧራው ጥቂት ነው፤ ስሙ ብቻ ግን ለከባድ ጭነት ብቁ መሆኑን አያረጋግጥም። የሰበቃ ደረጃ፣ የምርት ቁጥር ወይም የአምራች ስም ያልታተመበት ሸራ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለተሳፋሪ መኪና ሊመረጥ አይገባም።

6. የፍተሻ ቅደም ተከተል

ሀ. ፔዳል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ አራት አምስት ጊዜ ይረገጣል፤ ከዚያ ተረግጦ እንደተያዘ ሞተሩ ይነሣል። ፔዳሉ ጥቂት ዝቅ ካለ የፍሬን አጋዡ ይሠራል ማለት ነው። በተያዘበት ቀስ በቀስ እየሰመጠ ከሄደ የዘይት መፍሰስ ወይም የዋናው ፓምፕ ጎሚኒ መበላሸት ይጠረጠራል።

ለ. ውፍረት። ጎማው ወልቆ የውስጡም የውጭውም ሸራ ይለካል። ከውጭ በመስኮት ማየት አይበቃም፤ ፒኑ የደረቀበት ካሊፐር የውስጡን ሸራ ብቻ ሊጨርስ ይችላልና። የአምራቹ ወሰን ካልታወቀ የሰበቃው ክፍል 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መለወጥ ተገቢ ነው። ቀጭን ሸራ የያዘው ኃይል ባይቀንስም ሙቀትን ወደ ፒስቶኑና ወደ ዘይቱ ፈጥኖ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በቁልቁለት መስመር እስከ መጨረሻው ወሰን መጠበቅ አይመከርም።

ሐ. ገጽታ። እንደ መስታወት ያበራ፣ የተሰነጠቀ፣ ጠርዙ የተፈረፈረ ወይም ከሰሌዳው መላቀቅ የጀመረ ሸራ ውፍረቱ ቢተርፍም ይወገዳል። ብናኙ በደረቅ አየር መነፋት የለበትም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በተለይ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል።

መ. ዲስክ። ዝቅተኛው ውፍረት በዲስኩ ላይ ታትሞ ይገኛል፤ በማይክሮ ሜትር በተለያዩ ቦታዎች ተለክቶ ይነጻጸራል። ሰማያዊ ነጠብጣብ ከመጠን ያለፈ ሙቀትን ያመለክታል።

ሠ. ዘይትና ታምቡር። ዘይቱ የተለወጠበት ቀን ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያልፍም። የኋላው የታምቡር ሸራ ርቀት፣ የዘይት መፍሰስና የእጅ ፍሬኑ አብረው ይታያሉ።

ረ. የትኩስ ፍተሻ። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ለምሳሌ ሸዋ ሮቢት ወይም ኮምቦልቻ ላይ፣ የአራቱ እግሮች ሙቀት በኢንዱስትሪ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ይለካል። የሰው ግንባር የሚለካበት መሣሪያ ለዚህ አይሆንም፤ ከሰውነት ሙቀት ብዙም የራቀ አያነብምና። የግራና የቀኝ ሰፊ ልዩነት አንደኛው ካሊፐር እንደተያዘ ወይም እንደማይሠራ ይጠቁማል።

ሸራ ሲለወጥ በአንድ አክስል ግራና ቀኝ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ዓይነት ይለወጣል። አዲሱ ሸራ ወደ ቁልቁለት ከመውረዱ በፊት በሜዳ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያህል በልዝብ እየተያዘና በመካከሉ እየቀዘቀዘ ከዲስኩ ጋር መስማማት ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ የከሚሴ ዙሪያ ሜዳ ምቹ ነው።

7. የፍተሻው ጊዜ

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ያዝዛል፤ ቦሎውም የዚህ ምልክት ነው። የሮለር መፈተሻ የግራና የቀኝ የመያዝ ኃይልን በሚገባ ያነጻጽራል፤ ሆኖም የሚለካው በዚያች ቀን፣ በቀዝቃዛ ፍሬን ነው። ይህ ክፍተት በባለንብረቱ የዘወትር ክትትል መሞላት አለበት።

ለክትትሉ ኪሎ ሜትር ብቻውን ያሳስታል። በወር 12 ጊዜ ከሚሴ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ሚኒባስ ወደ 7,800 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በዚያው ወር ከጣርማ በር ብቻ በድምሩ 20,400 ሜትር ይወርዳል፤ 600 ሜጋ ጁልም ይለቃል። በሜዳው ከተሞች መካከል ብቻ የሚመላለስ ሌላ ሚኒባስ ያንኑ ኪሎ ሜትር ቢያስቆጥርም የሸራው ታሪክ ፈጽሞ ሌላ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ መኪና የተወረዱት ቁልቁለቶች ብዛትና የተለካው ውፍረት በአንድ ደብተር ቢመዘገቡ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ ውርደት የሚበላው ሸራ ይታወቃል፤ የሚለወጥበት ጊዜም በግምት ሳይሆን በልኬት ይወሰናል።

8. ማጠቃለያ

የስሌቱ ዋና ውጤት ሸራና ማርሽ ተነጣጥለው መታየት እንደሌለባቸው ነው። በሁለተኛ ማርሽ የወረደ መኪና የሙቀት ጭማሪው ሸራው ከተሞከረበት ከ343 ዲግሪ በታች የመቆየት ዕድል አለው፤ በአራተኛ ወይም በዜሮ ማርሽ የወረደው ግን ማንም አምራች በፊደሉ ካረጋገጠው ወሰን ሊያልፍ ይችላል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል በዜሮ ማርሽ መውረድ ጥሩውን ሸራ ከመጥፎው የሚለየውን ጥቅም ሁሉ ያጠፋል። ለባለንብረቱም ቢሆን ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ሸራ፣ ዲስክና ዘይት በየጊዜው ሲበላሹ የሚወጣው ወጪ ከተቆጠበው ነዳጅ ጋር መነጻጸር አለበት።

ከዚህ ተነሥቶ ሦስት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ በመስመሩ የሚሠሩ ባለንብረቶች ቢያንስ «ኤፍ ኤፍ» ደረጃ ያለውን፣ ከተገኘም በደንብ ቁጥር 90 የጸደቀውን ሸራ ከዶት 4 ዘይት ጋር ቢጠቀሙ፤ ዶት 4 ለመኪናው መፈቀዱ ግን በመመሪያው መረጋገጥ ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የመናኸሪያ ስምሪት ሠራተኞች የቁልቁለትና የውፍረት መዝገቡን ከመውጫ ፍተሻው ጋር ቢያያይዙት። ሦስተኛ፣ የስሌቱ ግምቶች በመንገድ ላይ ልኬት ቢፈተሹ። በሸራው ውስጥ ቴርሞኮፕል ተቀብሮ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት በሁለተኛና በአራተኛ ማርሽ የሚደረግ ንጽጽር በአካባቢው ላሉ የምሕንድስና ተማሪዎች የሚቻል ሥራ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እየበዙ ለመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ጥያቄው ይቀጥላል፤ ሞተራቸው ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ ባትሪው በደጋው ላይ ሞልቶ ከተነሣ ግን የሚቀበለው ስለሌለ ሸክሙ ተመልሶ ወደ ሸራው ይመጣል።